ጃዝን ለታዳጊዎች ማስደመጥ፦ ልጆቹን በመማር ስልት ልከፋፍላቸው ወይስ ሁሉም በሁሉም መንገድ ይለፍ?

የሙዚቃ ክፍል (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ከ14 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ 28 ተማሪዎች የጃዝ አደማመጥ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። ስምንት ክፍለ ጊዜ አለኝ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ። በእጄ ያለው አንድ ስፒከር፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ሰሌዳና ፕሮጀክተር ነው። መሣሪያ የሚጫወቱት ልጆች ሦስት ብቻ ናቸው። ዓላማዬ ሙዚቀኛ ማውጣት ሳይሆን፣ ሰምተውት የማያውቁት የጃዝ ሥራ ሲከፈት ምን እየተካሄደ እንደሆነ ለይተው መናገር እንዲችሉ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቫርክን መጠይቅ ሞልተው በአራት ይከፈላሉ፦ በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ በእንቅስቃሴ የሚማሩ። ከዚያ ለየቡድኑ የራሱ ሥራ ይሰጠዋል። የሚያዩት የአልበም ሽፋን ይሥላሉ፣ የሚያነቡት የሙዚቀኞችን የሕይወት ታሪክ ይጽፋሉ፣ የሚንቀሳቀሱት ያጨበጭባሉ። ክፍፍሉ ያዋጣል? በየትኛው ሥራስ ልጀምር?

የቤዝ መስመር

እህቴ፣ መጠይቁን ተዪው፤ መንገዶቹን ግን አትተዪ። ፍሌሚንግና ሚልስ ቫርክን በ1992 (እዚህ ክር ላይ ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን) ሲያቀርቡት፣ ተማሪው ስለ ራሱ አጠናን ቆም ብሎ እንዲያስብ መነሻ ይሁነው ብለው ነበር። ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በ2008 የመማር ስልት ጥናቶችን መርምረው፣ ለሚያይ በሥዕል ለሚሰማ በድምፅ እያሉ ማስተማር ውጤት ያሻሽላል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኙም።

ጃዝ ላይ ክፍፍሉ ጉዳት አለው። መንገዱን መምረጥ ያለበት የሚማሩት ነገር እንጂ የልጁ ዓይነት አይደለም። ስዊንግ (ጃዝን የሚያወዛውዘው ረጅምና አጭር የምት አከፋፈል) ሰውነት ይፈልጋል፤ በቃል ቢያስረዱት ትርጉም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ቅርጽ ዓይን ይፈልጋል፤ ድምፅ እያለፈ ይሄዳል፣ ወረቀት ላይ ያለ ሣጥን ግን ባለበት ይቆያል። ኢምፕሮቫይዜሽን (በቅጽበት እየፈጠሩ መጫወት) እጅ ወይም ጉሮሮ ይፈልጋል፤ አሥራ ሁለት ባር (እዚህ አንድ ባር አራት ምት ነው) ተሰጥቶት «አሁን ምን ልጫወት?» ብሎ ያልተጨነቀ ልጅ፣ ሶሎ የሚጫወተው ሰው በየቅጽበቱ እየወሰነ መሆኑ አይሰማውም። ዘመኑና ቃላቱ ደግሞ ንባብ ይፈልጋሉ።

በአንቺ እቅድ «የሚያይ» ተብሎ ሽፋን ሲሥል የከረመው ልጅ ስምንተኛው ክፍለ ጊዜ ላይም ስዊንግን አያውቀውም። 28ቱም በአራቱም መንገድ ይለፉ።

ሃይ ሃት

በቤዝ መስመር እስማማለሁ። የስዊንጉን ክፍል እኔ ልዘርዝር፤ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል።

ሜትሮኖሙን በደቂቃ 50 ላይ አድርጊውና «ይሄ ድምፅ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ነው» በያቸው። ትክክለኛው ፍጥነት ስለዚህ 100 ይሆናል። ልጆቹ ባሉበት ቆመው አራቱንም ምት በእግራቸው ይረግጣሉ፣ የሚያጨበጭቡት ግን ከሜትሮኖሙ ጋር ብቻ ነው። ከበሮ መቺው ሃይ ሃቱን (ጥንዱን ሲምባል) በእግሩ የሚዘጋው እዚያው ላይ ነው። ጆሮ የሰማውን ድምፅ ሁሉ «አንድ» አድርጎ መውሰድ ስለሚቀናው፣ ከመጀመራቸው በፊት ሁለት ባር ሙሉ ጮክ ብለሽ ቁጠሪላቸው።

እንዲያም ሆኖ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አንደኛውና ሦስተኛው ምት ይንሸራተታሉ። ጠንከር ብሎ የሚረግጠው እግር እጁን ስለሚጎትተው ነው። እንደገና ከመጀመር ይልቅ እግሩን ብቻ አስቁሚ። «አንድ» እና «ሦስት» በሹክሹክታ፣ «ሁለት» እና «አራት» በሙሉ ድምፅ ይበሉ፤ ስምንት ባር ከሄዱ በኋላ እግሩ ይመለስ።

ቀጥሎ የምቱ አከፋፈል ይመጣል። በእያንዳንዱ ምት ላይ አንድ ጊዜ «አበባ» ይበሉ፣ ሦስቱም ፊደላት እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ቆይተው «በ»ን በሹክሹክታ ይበሉት፣ ከዚያ ጭራሽ ይተዉት፤ ቦታው ግን ባዶ ሆኖ ይቆይ፦ «አ…ባ፣ አ…ባ»። ረጅምና አጭር ማለት ይሄ ነው። በመጨረሻ አንደኛውና ሦስተኛው ምት ላይ «አ» ብቻ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ «አ…ባ» ይበሉ። አፋቸው ላይ ያለው አሁን የራይድ ሲምባል (ከበሮ መቺው ምቱን የሚይዝበት ትልቁ ሲምባል) አመታት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ለአንድ የሚለው አከፋፈል የማይለወጥ ሕግ አይደለም። ፍጥነቱ ሲጨምር ረጅሙና አጭሩ እየተቀራረቡ ሄደው በጣም ፈጣን ሥራ ላይ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ስለዚህ ለማስተማሪያ ከ110 እስከ 140 ያለ ሥራ ምረጪ። የቻርሊ ፓርከር «ኮ ኮ» (1945) ድንቅ ሥራ ነው፤ በደቂቃ 300 አካባቢ ስለሚሮጥ ግን ስዊንግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳዩበት አይደለም።

የሙዚቃ ክፍል

«አበባ»ን ወሰድኩት፣ ቡድኖቹንም ሰረዝኩ። ቅርጹን በዓይን ስትሉ በተግባር ምን ይመስላል? ሥዕሉንስ ፈጽሞ ልተወው?

ሠላሳ ሁለት ባር

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። ጃዝ ውስጥ «ኮረስ» ሲባል የዘፈን አዝማች ማለት አይደለም። የኮርዶቹ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ሰንሰለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ሲዞር ነው። ልጆቹ በሌላ ሙዚቃ የለመዱት ትርጉም ስላለ ብዙ ግራ መጋባት ከዚህ ይነሣል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ «ዙር» በይው።

ከአሥራ ሁለት ባር ብሉዝ ተነሺ። በአንድ ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ሣጥን፣ በሦስት ረድፍ አራት አራት። የብሉዝ ግጥምም ሦስት ስንኝ ስለሆነ (ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይደግማል፣ ሦስተኛው ይመልሳል) ረድፎቹን «ስንኝ» ብትያቸው ይገባቸዋል። ሙዚቃው ሲሄድ ጣት በየባሩ አንድ ሣጥን ይራመዳል። አንድ ዙር ሲሞላ ከጎን አንድ ሰረዝ ይጨምራሉ።

ለዚህ የምመርጠው ከማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» (1959) ውስጥ «ፍሬዲ ፍሪሎደር»ን ነው። ፍጥነቱ ረጋ ያለ ነው፤ አንድ ዙር 23 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፣ ዜማው ሁለት ጊዜ ይዞርና የዊንተን ኬሊ ፒያኖ ይገባል። አንድ የሚያሳስት ቦታ አለው። የዜማው የመጀመሪያ ዙር ሲያልቅ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት ባሮች ላይ ጆሮ የሚጠብቀው የመነሻ ኮርድ አይመጣም። ልጆቹ ዙሩ ያላለቀ መስሏቸው ጣታቸውን እዚያው ያቆማሉ። አስቀድመሽ «አሥራ ሁለተኛው ላይ ባያርፍም ተሻገሩ» በያቸው።

ዘጠኝ ደቂቃ ከ46 ሴኮንዱን በሙሉ አንድ ጊዜ ከማስደመጥ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃዎች ሦስት ጊዜ ማስደመጥ ይሻላል። በመጀመሪያው ሰረዝ ብቻ፣ በሁለተኛው ከሰረዙ አጠገብ የመሣሪያው ስም፣ በሦስተኛው ከበሮ ወይም ቤዝ የሚለወጥበት ቦታ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከጠየቅሻቸው የሚጠፋው ቆጠራው ነው።

ብዙ መመሪያዎች ለመነሻ የዱክ ኤሊንግተንን «ሲ ጃም ብሉዝ» ይጠቁማሉ፣ ዜማው ሁለት ኖታ ብቻ ስለሆነ። ለመዝፈን እኔም እመርጠዋለሁ። ለቆጠራ ግን የ1942ቱን ቅጂ አትጠቀሚ። ሶሎ የሚጫወተው ሰው አጃቢዎቹ ዝም ባሉበት አራት ባር ቀድሞ ይገባና ከዚያ አሥራ ሁለቱ ይጀምራሉ። ያን ያላወቀ ልጅ በሁለተኛው ሶሎ ላይ ሣጥኑ ይጠፋበታል።

ቀጥሎ «ሶ ዋት» ከዚያው አልበም። 32 ባር፣ ስምንት ስምንት እየሆነ አራት ክፍል፦ ሀ፣ ሀ፣ ለ፣ ሀ። ሀ በዲ ዶሪያን ቅኝት ነው፣ ለ በግማሽ ድምፅ ወደ ኢ ፍላት ከፍ ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል። በሁለት ቀለም ያቅልሙትና ለ ሲመጣ እጅ ያንሡ፣ ሲመለስ ያውርዱ። ዙሩ 55 ሴኮንድ አካባቢ ነው፤ የማይልስ ሶሎ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ይገባል፣ ከእሱ በኋላ ኮልትሬን፣ አደርሊ፣ ቢል ኤቫንስ። ዜማው በፖል ቼምበርስ ቤዝ ስለሆነ በስልክ ወይም በላፕቶፕ ስፒከር ብታስደምጪያቸው ዜማው ራሱ ይሳሳል። የኮንትራባስ ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ስፒከር እዚያ አይደርስም። ልጆቹ «ምንም አይሰማም» ካሉ ስፒከሩን አይተሽ ፍረጂ።

ሥዕሉን አትተዪው፣ ሕግ ስጪው። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜ ነው፣ ከታች ወደ ላይ የድምፁ ከፍታ፣ የመስመሩ ውፍረት ጉልበቱ። የአንድ ሶሎ አንድ ዙር ብቻ፣ እርሳስ ሳይነሣ። ሁለት ልጆች የአንድ ዙር ሥዕላቸውን ሲያስተያዩ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ቅጂውን መልሰሽ ክፈቺ። የሞንድሪያንን «ብሮድዌይ ቡጊ ውጊ» (1942–43) ከዚያ በኋላ በፕሮጀክተር ብታሳዪ ትናንሾቹን ካሬዎች በምት ሊያነቧቸው ይጀምራሉ። ቀድመሽ ካሳየሽ ግን ሁሉም ካሬ ይሥላል።

የድሮ ሸክላ

ጥሩ ክር ነው። «ሶ ዋት»ንም ሆነ «ፍሬዲ ፍሪሎደር»ን እየከፈታችሁ በኪቦርድ ልታጅቡ ካሰባችሁ የቅጂውን ዓመት እዩ። የአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ሲቀዳ ዋናው የቴፕ መቅረጫ ትንሽ ይዘገይ ስለነበር፣ በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ሦስቱም ሥራዎች በጥቂቱ ፈጥነውና ከፍ ብለው ይሰማሉ። የታረመው በ1992 እትም ነው። ከድሮ ሸክላ የተገለበጠ ፋይል ከያዛችሁ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስላችኋል። የኪቦርዱን መቃኛ ጥቂት ከፍ ማድረግ ወይም የታረመውን መያዝ ነው።

ጥቁር ቁልፍ

ጋሼ ሸክላ፣ ይህን ስለነገሩን እናመሰግናለን።

ሠላሳ ሁለት ባር፣ የሣጥኑን ሥራ እወደዋለሁ፣ ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልስማማም። ምንም ነገር በእጁ ያልሠራ የ15 ዓመት ልጅ በሁለተኛው ቀን ሣጥን ሲቆጥር ትምህርቱ ሒሳብ ይሆንበታል። ኪቦርዱ ይቅደም፣ ሁለቱ ይበቃሉ።

በኢ ፍላት ብሉዝ አድርጉት። የኢ ፍላት ማይነር ፔንታቶኒክ አምስቱም ኖታዎች ጥቁር ቁልፎች ናቸው፤ ነጭ እስካልነኩ ድረስ ከቅኝቱ የሚወጣ የለም። የቤዙ ሦስት ኖታዎችም ጥቁር ላይ ይገኛሉ፦ ከሁለቱ ጥቁሮች የቀኙ «ቤት»፣ ከሦስቱ ጥቁሮች የመሐሉ «መንገድ»፣ የቀኙ «ደጃፍ» በሏቸው። አሥራ ሁለቱ ባሮች፦ አራት ቤት፤ ሁለት መንገድ፣ ሁለት ቤት፤ አንድ ደጃፍ፣ አንድ መንገድ፣ ሁለት ቤት። አንድ ልጅ በግራ በኩል ቤዙን በየባሩ አራት ጊዜ ይመታል፣ ሌላው በቀኝ በኩል ሶሎ ይጫወታል፣ የቀሩት ሃይ ሃት ያስተማረውን ጭብጨባ ይዘው ይቀጥላሉ።

ሰዓቱ ይበቃል። በ100 ፍጥነት አሥራ ሁለት ባር 29 ሴኮንድ ያህል ነው፣ ሁለቱ ኪቦርዶች ሳያቋርጡ ቢቀባበሉ 28 ልጅ በ14 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ተራ የሚለዋወጡት ግን ሙዚቃው እየሄደ ነው፤ ቀጣዩ ልጅ አሥረኛው ባር ላይ ከኋላ ቆሞ ይጠብቅ። ካቋረጣችሁ ሰዓቱ በእጥፍ ይሄዳል፣ ጭብጨባውም ይሞታል።

የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ትንፋሽ ሳይሰጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁልፎቹን ይደበድባል። ዝምታ ስሕተት ይመስለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር አንድ ቁልፍ ብቻ ይፈቀድ፣ ሪትሙ እንዲለዋወጥ። ሁለተኛው ላይ ሦስት ቁልፍ፣ ሁለት ባር ተጫውቶ ሁለት ባር ዝም። አምስቱ የሚከፈቱት ከዚያ ወዲያ ነው። ዝም የሚሉባቸውን ሁለት ባሮች ሌላኛው ኪቦርድ ቢመልስባቸው ጥያቄና መልስ ይሆናል፤ ከዚህ በኋላ የማይልስን ሶሎ ሲሰሙ ክፍተቶቹን ራሳቸው ይጠቁሙሻል።

የሙዚቃ ክፍል

አንዳንዶቹ ኪቦርድ ፊት ከመቆም ይልቅ ከክፍል መውጣት የሚመርጡ ናቸው። ድምፅ ማውጣትማ ጨርሶ አይታሰብም። ለእነሱስ?

የሐሙስ ልምምድ

የሚፈሩት ድምፅ ማውጣትን ሳይሆን ብቻቸውን መሰማትን ነው። ክብ ሠርተው ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዙሩ። ሁለት ባር ትዘፍኛለሽ፣ ሁሉም አብረው ይመልሱልሻል፤ መጀመሪያ አፍ ተዘግቶ በማንጎራጎር፣ ከዚያ «ዱ»፣ «ባ»፣ «ዳት» እያሉ። ለረጅም ኖታ ክፍት ፊደል፣ ለአጭር ኖታ እንደ «ዳት» የሚዘጋ ድምፅ። ለብቻ መዝፈን የሚፈልግ እጁን በራሱ ሲያነሣ ብቻ ነው፤ በስም አትጥሪ።

በዚህ ዕድሜ የወንዶቹ ድምፅ እየተለወጠ ስለሆነ ከአምስት ኖታ በላይ አትዘርጊው፣ ከከበዳቸውም አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው (ያንኑ ኖታ በወፍራም ድምፅ) ይመልሱ። የሚሰነጠቀውን ድምፅ እንዳትነኪው፤ ልጁ ለዓመቱ ዝም ይላል።

ይህን ካደረጉ በኋላ ኤላ ፊትዝጄራልድ በ1960 በርሊን መድረክ ላይ «ማክ ዘ ናይፍ»ን ስትዘፍን ክፈቺላቸው። ግጥሙ መሐል ላይ ይጠፋባታል፣ ምቱን ሳትለቅ ስለ መጥፋቱ እየዘፈነች ትቀጥላለች። ቅጂው ግራሚ አሸንፏል። ቃሉ የጠፋበት ቦታ የት እንደሆነ ሳትነግሪያቸው ይፈልጉት፤ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ግጥሙን አትመሽ ስጪያቸው፣ ዓይናቸው ከወረቀቱ ሲለይ ያገኙታል።

ሃይ ሃት

ለማያርፉት ልጆች «ቴክ ፋይቭ»ን ጨምሪ (የብሩቤክ ኳርቴት፣ 1959፣ ድርሰቱ የፖል ዴዝመንድ)። አምስት ምት ነው፣ ሦስት ሲደመር ሁለት። «አበባ ውሃ» ብለው በየምቱ አንድ ፊደል ያሳርፉበት፣ ሦስት እርምጃ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ። ዘወትር የሚሳሳቱት «ውሃ» ካሉ በኋላ አንድ ምት በማረፍ ነው፣ ስድስት ያደርጉታል። «አበባ» ሲመጣ አንድ ጠንካራ እርግጫ ይጨምሩ፣ ይስተካከላል። ጆ ሞሬሎ የከበሮ ሶሎውን ሲጫወት ፒያኖው አምስቱን እየደጋገመ ስለሚቆይ፣ ልጆቹ ፒያኖውን ይዘው ከበሮው በላዩ ምን እንደሚሠራ መስማት ይችላሉ።

የድሮ ሸክላ

የንባቡ ነገር ተረሳ። የሕይወት ታሪክ ማስጻፉን ተዉት፣ ከድር ይገለብጣሉ። ድምፁን የሚያስረዳ ንባብ ስጧቸው። ለምሳሌ የሉዊስ አርምስትሮንግ «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» (ሰኔ 1928) ለምን ሦስት ደቂቃ ከምናምን ብቻ ሆነ? በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ባለ አሥር ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ ከዚያ ብዙም የበለጠ አይዝም ነበር። ረጅሙ ሸክላ የመጣው በ1948 ነው፤ «ሶ ዋት» ዘጠኝ ደቂቃ መሆን የቻለው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አስደምጧቸውና አርምስትሮንግ መግቢያውን ብቻውን ሲነፋ በምን ያህል ሴኮንድ ምን ያህል እንደተናገረ ይጻፉ።

የቢሊ ሆሊዴይን «ስትሬንጅ ፍሩት» (1939) ካነሣችሁ ዝግጅት ያስፈልጋል። ጥቁሮችን በመንጋ ፍርድ ሰቅሎ ስለመግደል ነው፤ የራሷ ቀጂ ኩባንያ ኮሎምቢያ አልቀዳም ስላለ ኮሞዶር የተባለው ትንሽ ኩባንያ ነው የቀዳው። ግጥሙን አስቀድመው ያንብቡ፣ ስለ ዘመኑ አንድ ገጽ ያንብቡ፣ ከዚያ በጸጥታ አንድ ጊዜ ይስሙ። በዚያ ቀን ሣጥን መቁጠርም ማጨብጨብም አይኑር፣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረውም አትክፈቱት።

የሙዚቃ ክፍል

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን እንዳሉት አደርጋለሁ። መማራቸውን በመጨረሻ በምን ልወቅ? «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይነግረኝም።

የቤዝ መስመር

ያልሰሙትን ሥራ አምጪ። የኮልትሬን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» (በ1960 የተቀዳ) ይመቻል፣ ምክንያቱም ዜማው ከአንድ ዓመት በፊት ከብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር የመጣ ነው። መጀመሪያ የቲያትሩን ቅጂ፣ ከዚያ የኮልትሬንን የመጀመሪያ አራት ደቂቃ፣ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ። የሚመልሱት አራት ጥያቄ፦ ምቱ ስንት ስንት ነው? ዜማው የሚለቀቀው የት ላይ ነው? በዚያን ጊዜ ፒያኖው ምን እያደረገ ነው? ከመጀመሪያው ቅጂ ምን ቀረ፣ ምን ተጣለ?

መልሱን በጽሑፍ፣ በመስመር ሥዕል ወይም በአፍ እያጨበጨቡ ማቅረብ ይቻላል። ልጁ መምረጥ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ማርኩ ግን ለአቀራረቡ አይሰጥም፤ የጠቆመው ቦታ ቅጂው ላይ አለ ወይስ የለም፣ ያንን ብቻ እዪ። «ደስ የሚል ሳክስፎን» ዜሮ ነው። «ዜማውን ለቀቀ፣ ፒያኖው ግን ሁለት ኮርድ እየደጋገመ ቆየ» ሙሉ ነው።

የሙዚቃ ክፍል

እንግዲህ እንዲህ ደልድዬዋለሁ። አንደኛው ስዊንግ በእግርና በ«አበባ»። ሁለተኛው ጥቁር ቁልፎች። ሦስተኛው አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች በ«ፍሬዲ ፍሪሎደር»። አራተኛው «ሶ ዋት»። አምስተኛው ድምፅና ኤላ። ስድስተኛው አርምስትሮንግ፣ ሸክላውና ሆሊዴይ። ሰባተኛው «ቴክ ፋይቭ» እና መስመር ሥዕል። ስምንተኛው «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»።

ጥቁር ቁልፍ

አራተኛውንና አምስተኛውን አቀያይሪ። ሁለት ተከታታይ ቀን ቁጭ ብሎ መቁጠር ይበዛባቸዋል፤ ደግሞ ዘፍነው ከመጡ በኋላ የ«ሶ ዋት»ን የቤዝ ጥያቄ ሲሰሙ ሁለቱን የመልስ ኖታዎች አብረው ይሉታል።

የሐሙስ ልምምድ

ስድስተኛውም ይከፈል። ሆሊዴይ ከሌላ ሥራ ጋር አትዳበል፣ ጋሼ ያሉትን ዝግጅት 20 ደቂቃ ውስጥ አትጨርሺውም። «ቴክ ፋይቭ»ን አንደኛው ቀን መጨረሻ ላይ አሥር ደቂቃ ስጪው፣ መስመር ሥዕሉን ወደ «ሶ ዋት» ቀን አምጪው፣ ሰባተኛው ለሆሊዴይ ባዶ ይሆንልሻል።

ሠላሳ ሁለት ባር

እስማማለሁ። ሣጥኖቹን ስታትሚ ቁጥር አትጻፊባቸው። ቁጥር ካለ ልጁ በሙዚቃው ፋንታ ቁጥሩን ያነባል፣ አንዴ ከጠፋበት ደግሞ ዘሎ ትክክል የመሰለው ላይ ያርፋል። ባዶ ሣጥን ሲሆን ግን የሚቀጥለው ዙር እስኪጀምር ሰምቶ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ቅጂ አትሚ፣ አንዱ በመጀመሪያው ማዳመጥ ላይ በሰረዝ ይሞላል።